ላምና ጥጃ የሚያስታርቁት አያ ካሴ

የአያ ካሴን ሞት የሰማሁት ደብረ ታቦር ገበያ መሐል፣ ሽንኩርት እየመረጥሁ ሳለ ነው። ከጋፋት ወዲያ ካለው መንደር የመጣ አንድ የማውቀው ገበሬ ትከሻዬን ነካ አደረገና «ዶክተር፣ አልሰማህም እንዴ? አያ ካሴ አረፉ እኮ። ሐሙስ ቀበርናቸው» አለኝ። ሰው እንዲህ ሲባል «ነፍስ ይማር» ይላል። እኔ ግን፣ አፌን ምን እንደያዘው እንጃ፣ «ሲሞቱ ምን አሉ?» አልሁት። ሰውየው ግራ ገብቶት አየኝ። «ምን ይላሉ? ንስሐቸውን ገብተው፣ ቆርበው፣ እንደ ደግ ሰው ሞቱ እንጂ!» አለና እህሉን ተሸክሞ ሄደ።

ሽንኩርቱን እዚያው ትቼ ወጣሁ። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። ስሜን ሳይጠሩ በመሞታቸው ተንፈስ አልሁ። ወዲያው ደግሞ በመተንፈሴ አፈርሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው ነኝ ለካ ብዬ።

«ዶክተር» የሚሉኝ ሐኪም ሆኜ አይደለም። በእንስሳት ጤና ዲፕሎማ አለኝ፤ አለቀ። ከኮሌጅ እንደወጣሁ የተመደብሁት በዚያ መንደር ነው። ሞተር ሰጡኝ፣ መድኃኒት የተሞላ ቦርሳ ሰጡኝ፣ ኩራቱን እኔ ጨመርሁበት። ላም ስትታመም የሚጠሩኝ ሰዎች አባቴን የሚያህሉ ነበሩ። ገና ከበር ስገባ ከመደባቸው ተነሥተው «እዚህ ተቀመጥ ዶክተር» ሲሉኝ እውነትም ዶክተር የሆንሁ ይመስለኝ ነበር። አንድ ሰው ብቻ አልተነሡልኝም።

አያ ካሴን መጀመሪያ ያየኋቸው ሰው በረት ውስጥ ተንበርክከው ነው። አጭር፣ ጠይም፣ ጆሮ ትልልቅ ሽማግሌ ነበሩ። አንዲት ቀይ ጥጃ ፊታቸው አቁመው የሌላ ጥጃ ጥቁር ቆዳ በጀርባዋ ላይ እያሰሩ ነበር። አናቷ ቀይ፣ ጀርባዋ ጥቁር፣ ከጎኗ ደግሞ የሞተው ጥጃ የእግር ቆዳ ተንጠልጥሏል። ሳቄ አመለጠኝ። «አያ ካሴ፣ ካፖርት ሰፉላት እንዴ?» አልሁ።

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «ሳቅ ዶክተር፣ ሳቅ። ግን ወደ ውጭ ወጣ ብለህ ሳቅ፤ ይህ ለቅሶ ቤት ነው» አሉኝ። በአገጫቸው ያሳዩኝ ጥግ ላይ የቆመችውን ጥቁር ላም ነበር። ልጇ የሞተባት በዋዜማው ነው፤ ጮኻ ጮኻ ድምፅዋ ተዘግቷል። ምን እንደምሠራ ጠፋኝና ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

ሥራቸው ይህ ነበር፦ እናቷ የሞተችባትን ጥጃ፣ ልጇ ለሞተባት ላም ማላመድ። መንደሩ «አስታራቂው» ይላቸዋል። የሞተውን ጥጃ ቆዳ ገፍፈው ለእንግዳዋ ያለብሳሉ። ላሟን አልበው ወተቷን በጥጃዋ አናትና በጭራዋ ሥር ይቀባሉ። ጨው በጥብጠው ጀርባዋን ያርሳሉ፤ ላሟ ለጨው ብላ ስትልስ፣ እየላሰች ትለምዳለች። የላሟን የኋላ እግሮች በጠፍር ያስሩና ጥጃዋን ያጠባሉ። «ሦስት ቀን ነው» ይሉ ነበር። «የላሟ ወተት በጥጃዋ ሆድ ገብቶ በኋላዋ እስኪወጣ ሦስት ቀን። ከዚያ በኋላ ስታሸታት የምታሸተው የራሷን ነገር ነው።» ደመወዝ አይጠይቁም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፤ ጥጃዋ ጡት እስክትተው ድረስ ባለቤቱ እንዳይሸጣት በመስቀል ያስምሉታል።

ከሰው ጋር ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረባቸውም። ለአንድ ክንድ ድንበር ጎረቤታቸውን ከቤቱ ጠርተው ስድብ ያወርዱበታል። ላም ፊት ሲቆሙ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ላምን አንቱ ነበር የሚሉት! «እሜቴ፣ ይቁሙልኝ እንጂ። እሜቴ፣ እንግዳዋን አይግፏት፤ እናት የላትም።» አንድ ቀን «እኔን አንተ፣ ላሟን አንቱ፤ ይህ ደግ ነው አያ ካሴ?» ብዬ ብቀልድባቸው «እሳቸው ወተት ይሰጣሉ። አንተ ምን ትሰጣለህ? መርፌ!» አሉኝ። በረት ሙሉ ሰው ሳቀብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ሆዴ ግን ቂም ቢጤ ያዘ።

ከሁሉ የሚደንቀው አፍንጫቸው ነበር። ላም ልጇን የምትለየው በማሽተት ስለሆነ እሳቸውም በማሽተት ነው የሚሠሩት። የጥጃዋን አናት አሽትተው፣ የላሟን አፍ አሽትተው «ተስማምተዋል» ካሉ ጠፍሩ ይፈታል፤ ተሳስተው አያውቁም። በሦስቱ ቀን ውስጥ ሌላ ሽታ በረት እንዲገባ አይፈቅዱም። የነፍስ አባታቸው ከቅዳሴ ወጥተው ሊባርኩ ቢመጡ «አባ ይፍቱኝ፣ ዕጣን ዕጣን ይላሉ፤ ከደጅ ሆነው ይባርኩልኝ» ብለው የመለሱ ሰው ናቸው። ቄሱም ስቀው ከደጅ ባረኩ። እኔንማ ሞተሬን ሳላቆም «ያ ቦርሳህ መጣ» ይሉኛል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ስሸሸው ነው እንጂ ይህን ሁሉ የማወራው።

የዛሬ አምስት ዓመት ነው። ባንቺአየሁ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ሦስት ልጆች አሏት። ቤቷን ያቆሙት ሁለት ላሞች ናቸው፣ አንዲት ቀይና አንዲት ዳልቻ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀይዋ ወልዳ በሦስተኛው ቀን ሞተች፤ ዳልቻዋ ደግሞ የሞተ ጥጃ ወለደች። ጡቷ በወተት ተወጥሮ እየታየ ዳልቻዋ ወተቷን ያዘች፤ ልጅ ካልጠባት ከጥቂት ጠብታ በላይ አትሰጥም። ቀይዋ የተወችው ጥጃ ደግሞ በረኃብ ሊሞት ነው። እነዚህ ሁለቱ ከተላመዱ የባንቺአየሁ ቤት ይቆማል፤ ካልተላመዱ ያለቀለት ነው። አያ ካሴ ተጠሩ፤ በኋላ በኋላ ከጎናቸው የማይጠፉት ባለቤታቸው ለቅሶ ሄደው ስለነበር ብቻቸውን መጡ።

እኔም እዚያው ነበርሁ። ቆዳውን አልብሰው፣ ወተቱን ቀብተው፣ በጨዉ ውኃ አርሰው ሲያበቁ ወደኔ መጡና «ዶክተር፣ ሦስት ቀን ያን ቦርሳህን ከዚህ በረት አታግባብኝ። ከሦስት ቀን ወዲያ ብትፈልግ በመድኃኒትህ እጠባት። ሰማኸኝ?» አሉ። «እሺ አያ ካሴ» አልሁ። «እሺ በአፍ ነው?» አሉ። «በእውነት እሺ» አልሁ። በዚህ ቃል ነው የተለያየነው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በዚያ ሳልፍ ጎራ አልሁ። ነገሩ እየሰመረ ነበር። ዳልቻዋ እግሯ ቢታሰርም ጥጃዋን ትልሳለች። ባንቺአየሁ ፊቷ ፈክቶ «ነገ ጠዋት ጠፍሩን እፈታለሁ ብለዋል» አለችኝና እንስራዋን ይዛ ውኃ ልትቀዳ ወረደች። ብቻዬን ቀረሁ። ቆዳው ሸትቷል፤ ዝንብ ወሮታል። ገለጥ አድርጌ ባየው ሥሩ ትል አፍርቷል፤ የጥጃዋም እትብት እርጥብ ነው። ኮሌጅ የተማርሁት ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ጮኸ። ትሉ እትብቷ ላይ ቢወጣስ? ነገ ብትሞት ባለሙያው የት ነበር አይሉኝም? ይህ አንዱ ምክንያቴ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ሰው ፊት ስላልሆንሁ ልናገረው፣ ያቺ «መርፌ!» ያሉኝ ነገር ናት። ሽማግሌው ጉራቸውን ይቸርችሩ፣ ጥጃዋን የሚያድናት ግን የእኔ መድኃኒት ነው አልሁ በልቤ።

ከሞተሩ ላይ ቦርሳዬን አመጣሁ። ለዝንብና ለመዥገር የምንረጨውን መድኃኒት በቆዳው ሥር ነፋሁበት፤ እትብቷንም ረጨሁ። ቆዳውን መልሼ ልክ እሳቸው እንዳሰሩት አሰርሁት። ያሰርሁበት ጥንቃቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ጥፋት መሆኑን ባላውቅ ቋጠሮ ለማመሳሰል ያን ያህል ባልደከምሁ ነበር። መድኃኒቱ ደግሞ አፍንጫውን ላስጠጋ የማይሰወር ሽታ አለው። ቆዳው ስለሸተተ ይሸፍነዋል ብዬ ራሴን አታለልሁ። ባንቺአየሁ ሳትመለስ ሞተሬን አስነሥቼ ሄድሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ከጎረቤት ጋር ተሰበሰብን። አያ ካሴ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን በእበት አሽተው ገቡ። ጥጃዋን አቅፈው አፍንጫቸውን አናቷ ላይ ሲያሳርፉ፣ አሁን ያውቃሉ፣ አሁን ይጠሩኛል አልሁ። ቀና አሉ። ባንቺአየሁን አየት አደረጉ። ከዚያ «ተስማምተዋል» አሉና ጎንበስ ብለው ጠፍሩን ፈቱት። «እሜቴ፣ ይኸው ልጅዎ» ብለው ጥጃዋን ለቀቋት።

ዳልቻዋ አሸተተቻት። አንዴ እፍ ብላ ወደ ኋላ አለች። ከዚያ ራሷን ደፍታ መጣች። ጥጃዋን ከግድግዳው ጋር አጣብቃ ስትወጋት አያ ካሴ በመሐል ገቡ፤ እሳቸውንም በጎናቸው መትታ ጣለቻቸው። እኛ ገብተን ላሟን እስክናስወጣ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። የጥጃዋ ጎድን ተሰብሯል፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ሞተች። ዳልቻዋም ከዚያ ወዲያ ወተት አልሰጠችም፤ ጡቷ ደረቀ።

አያ ካሴ ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀመጡ። ባንቺአየሁ ደረቷን እየመታች «ምን ሆነ አያ ካሴ? ተስማምተዋል አላሉኝም? ምን ሆነ?» ትላለች። ጥጃዋን አዩ። ቀጥሎ እኔን አዩኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያዩኝ፤ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው «ጥፋቱ የእኔ ነው ባንቺአየሁ። የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው» አሉ።

ወይ እኔ! ያኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? አውቀውብኛል፤ አውቀው ሸፈኑልኝ አልሁ። አፌን ከፈትሁ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ከአፌ የወጣው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ያጋጥማል።» ይችን ነው ያልሁት፤ እንደ ባለሙያ፣ ረጋ ብዬ። «ያጋጥማል።»

ከዚያ ወዲያ አያ ካሴ ወደ ሰው በረት አልገቡም። ወገባቸው ተጎድቶ በምርኩዝ መሄድ ጀመሩ፤ ግን ወገባቸው አልነበረም ያስቀራቸው። ሰው ሲጠራቸው «አልሆንልህ ብሎኛል፣ ሌላ ሰው ፈልግ» ይላሉ። ሌላ ሰው ከየት ይመጣል? ሁለት ሦስት ጥጃ በዚያው ዓመት እናት አጥቶ ሞተ። መንደሩም «አያ ካሴ እጃቸው ከዳቸው፤ ያችን ምስኪን ሴት ቤቷን አፈረሱባት» ማለት ለመደ። ይህን ስሰማ ተቀምጬ ጠላ እየጠጣሁ ነው። ጠላዬን ጠጣሁ።

አለቃዬ ስለ ሁኔታው ሪፖርት ሲለኝ ደግሞ የባሰውን አደረግሁ። «ባህላዊው የማላመድ ዘዴ አስተማማኝ ስላልሆነ አርሶ አደሩ በጡጦ ማጥባትን እንዲለምድ ቢደረግ» ብዬ ጻፍሁ። ጥሩ ሐሳብ ነው ተብሎ ተመሰገንሁ። ከዓመት በኋላ ደብረ ታቦር፣ ቢሮ፣ ወንበር ያለው ሥራ ተሰጠኝ።

ከመዛወሬ በፊት አንዳንዴ መንገድ ላይ እንገናኝ ነበር። አያ ካሴ፣ እኒያ ለማንም የማይነሡት ሰው፣ ምርኩዛቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው «ዶክተር፣ እግዜር ይስጥህ» ይሉኛል። ለምን እንደሆነ አይናገሩም። እኔ መስማት የፈለግሁትን ሰማሁት፦ አውቄብሃለሁ፣ ግን ይቅር ብዬሃለሁ የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር። ደግሞም ሌላ ቀን እንደ ሽሙጥ ይሰማኛል። በመጨረሻ በሌላ መንገድ መዞር ጀመርሁ። አምስት ዓመት የተኛሁት በዚህች ማጽናኛ ነው፤ ያውቃሉ፣ ይቅር ብለውኛል፣ እያልሁ።

ከገበያው በማግሥቱ፣ እሑድ፣ ለቅሶ ልደርስ ሄድሁ። እስከ ጋፋት በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ። ሰው በርከት ብሎ ከደጅ ተቀምጧል፤ ባንቺአየሁም ከሴቶቹ ጋር ጉድ ጉድ ስትል አየኋትና ፊቴን አዞርሁ። የአያ ካሴ ባለቤት እትዬ እንጉዳይ ቤት ውስጥ መደብ ላይ ብቻቸውን ነበሩ። «እግዜር ያጥናዎ» ብዬ ተቀመጥሁ። ከዚያ፣ ሰው እንዳይገባብኝ ፈርቼ ነው መሰለኝ፣ በአንድ ትንፋሽ ነገርኋቸው። ቦርሳውን፣ መድኃኒቱን፣ ቋጠሮውን፣ ሪፖርቱን ሳይቀር። «አያ ካሴ አውቀው ነው የሸፈኑልኝ። እኔ ግን እንኳን ለሰው፣ ለእሳቸው ለራሳቸው አንድ ቀን ይቅርታ ሳልል ሞቱብኝ» አልሁ።

እትዬ እንጉዳይ ጥቁር ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ ዝቅ አደረጉ። «ምኑን አውቆ?» አሉኝ።

«መድኃኒቱን ነዋ። አሽትተውታል። አናቷን ሲያሸቱ አይቻለሁ።»

«ካሴ አፍንጫ አልነበረውም» አሉ።

አልገባኝም።

«ሰው ሁሉ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ የሄደበት ክረምት፣ ካሴ አሥራ አምስት ቀን ተኝቶ ተነሣ። ሲነሣ ሽታ የሚባል ነገር ጠፋው። ወጥ ቢያር አያውቅ፣ እበት ቢረግጥ አያውቅ። ‹ለሰው ከተናገርሽ አንላቀቅም› አለኝ። ‹ካሴ አፍንጫው ሞተ ከተባለ ማን ላሙን ያምነኛል?› ከዚያ ወዲህ እኔ ነበርሁ የማሸትለት። አብሬው በረት ገብቼ በዓይኔ እነግረዋለሁ። ያን ሳምንት ግን ወንድሜ ሞቶብኝ እብናት ነበርሁ። እንቢ ማለት ነበረበት። ባንቺአየሁ አልቅሳ ስትለምነው አንጀቱ አልቻለም፤ በግምት ፈታው።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «‹አንድ ነገር አምልጦኛል እንጉዳይ፤ አፍንጫ ያለው ሰው የማያልፈው ነገር አምልጦኛል› እያለ ነው የኖረ። አምስት ዓመት ሙሉ ምን ይሆን ያመለጠኝ እያለ።»

«እኔን ግን አዩኝ» አልሁ። «ያን ዕለት አዩኝ እኮ፣ እትዬ።»

«አዎ፣ አይቶሃል። ደርሶብኛል ብሎ ነው ያየህ። ‹ያ ልጅ አፍንጫዬ መሞቱን አወቀብኝ፤ የተማረ ነው፣ እንዴት አያውቅ? ግን በሰው ፊት ያጋጥማል ብሎ ሸፈነልኝ፤ ለማንም አልተነፈሰም› ይለኝ ነበር። የክርስትና ስምህን ስለማያውቀው በጸሎቱ ‹ዶክተሩን› እያለ ነው የሚያነሣህ። በተኛበትም ሲያነሣህ ነበር።»

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ያዝሁ። «ይቅር ይበሉኝ እትዬ» አልሁ።

«እኔ በምን አፌ?» አሉ። አልተቆጡም። እጄን ከጉልበታቸው ላይ አነሡና ራሳቸውን ወደ በሩ አዘነበሉ። «ባንቺአየሁ! ባንቺአየሁ ሆይ! እስቲ ነይ፣ ዶክተሩ የሚነግርሽ ነገር አለ።»

ባንቺአየሁ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች። ሁለት ሴቶችም ተከትለዋት በሩ ላይ ቆሙ። እትዬ እንጉዳይ አላስወጧቸውም። ተነሥቼ ቆሜ፣ «ያችን ጥጃ የገደልኋት እኔ ነኝ» አልሁና እንዴት እንደሆነ ነገርኋት። ስድብ ጠበቅሁ። ድንጋይም ብታነሣ ባልሸሸሁ። እሷ ግን ዓይኗን የአያ ካሴ ባዶ መደብ ላይ ተከለች።

«እሳቸው ይህን ያውቁ ነበር?» አለችኝ።

«አያውቁም ነበር» አልኋት።